ከፍሪጅ ሥር የወጣችው ሴራሚክ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ከሁሉ በፊት ያ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን እንቅስቃሴ በየጠዋቱ እየሠራሽ ነው ወይስ እትዬ ስታይሽ ብቻ? እትዬስ፣ ባለቤቷስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ትንሿ አሁንም ከዘራሽን እየቀማች ፈረስ ታደርገዋለች? እኛ ደኅና ነን። ሱቁም ደኅና ነው፤ ያፈስ የነበረው የጣሪያ ጥግ ተደፍኗል። ወንድሜ ከስቷል ብለሽ እንዳታስቢ፣ ሰሞኑን ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አስፍቷል።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን በስልክ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሳልደርስ «ቆይ ቆይ ቆይ» ትይኛለሽ፤ እኔ እደናገጥና ዋናውን ሳልነግርሽ ስለ አየሩ አውርተን እንዘጋለን። ደብዳቤ አይቋረጥም። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። የምትቆጪበት ነገር ሁለት ቦታ ላይ አለ። ሁለቱን ካለፍሽ ደስ የሚልሽ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ልናዘዝ። ለፍለጋ ማስከፈል ጀምረናል።

ሕግሽን አልረሳሁትም። ያደግኩት እሱን እየሰማሁ ነው። ሰው የተሰበረ ሴራሚክ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል፤ አንቺ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነሽ ትቀበይዋለሽ፣ ጠርዙን በጥፍርሽ ትዳስሻለሽ፣ ገልብጠሽ የፋብሪካውን ምልክት ታነቢያለሽ፣ ከዚያ «ተወው፣ እኔ እፈልግልሃለሁ» ትይዋለሽ። ስንት ነው ሲልሽ «ለማየት አይከፈልም» ነበር መልስሽ። ልክም ነበርሽ። ለሁለት ሴራሚክ የመጣው ሰው ቤት ሲሠራ ወለሉን ለማስነጠፍ ወደ አባዬ ይመለስ ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ግን እማዬ፣ ያኔ የከተማው የሴራሚክ ሱቆች አራት ነበሩ፤ አራቱም በአንድ መንገድ ላይ። ቁራጩን በጃኬትሽ ኪስ ይዘሽ ወጥተሽ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ትመለሺ ነበር። አሁን ሱቁ ከስልሳ በላይ ሆኗል። ፋብሪካዎቹ በየዓመቱ ንድፍ ይቀይራሉ። ያው ንድፍ ራሱ በሁለት ጊዜ ከተመረተ ቀለሙ በጥቂቱ፣ መጠኑ በአንድ ሚሊ ይለያያል፤ አንድ ሚሊ ደግሞ ወለል ላይ ምን እንደምትሠራ ለአንቺ አልነግርሽም። ለስድስት ሴራሚክ አምስት ቀን የዞርኩበት ጊዜ አለ፤ በመጨረሻ ሰውየው «ለካ ምንጣፍ ይሸፍነዋል» ብሎኝ ሄደ።

ወደዚህ ያደረሰን ግን የጥርስ ሐኪሙ ነው። ከሁለት ወር በፊት መጣ። ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ስምንት ሴራሚክ ወድቆበታል፤ ያልበሰለ ሎሚ የመሰለ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን መስመር ያለው። አሥራ አንድ ቀን ፈለግኩለት። በአሥራ አንደኛው ቀን ከከተማው ማዶ፣ የመኪና ጎማ ከሚሸጥበት ሰፈር ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። እዚያው ቆሜ ደወልኩለትና የሱቁን ስም፣ መንገዱን፣ መደርደሪያው ስንተኛው እንደሆነ ሳይቀር ነገርኩት። ልጅ ተወለደልህ ብሎ እንደሚያበሥር ሰው ነው የሆንኩት። እሱም አመሰገነኝ። በሦስተኛው ቀን የራሱን ሠራተኛ ልኮ፣ ገዝቶ፣ አስለጥፎ፣ ያለቀውን ግድግዳ ፎቶ በስልክ ላከልኝ። ከሥሩ «ዓይንዎ ድንቅ ነው» ብሎ ጽፎበታል።

ፎቶውን ለልጅሽ አሳየሁት። (ሲቆጣ ልጅሽ ነው፣ ሲስቅ ወንድሜ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ በዚህ ትለይዋለሽ።) አጉልቶ አየና ጥሩ አድርገው ነው የለጠፉት አለኝ። አዎ፣ ጥሩ ነው አልኩት። «እንግዲያው ዓይንሽን ለሐኪሙ፣ እኔን ለኩባንያው ስጪና ሱቁን እንዝጋው» ብሎ ከኪሱ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ። አንድ ትልቅ የሕንፃ ኩባንያ የአንጣፊዎች አለቃ ሊያደርገው ይፈልጋል። መልስ የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ልጅሽ ሲቆጣ ድምፁ እንደሚቀንስ ታውቂያለሽ፤ ድምፁን ቀነሰና እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ለፍለጋሽ ከፍሎ፣ አንቺም አግኝተሽ፣ እኔም አንጥፌው ካየሁ እቀራለሁ። ካላየሁ የሰው ቱታ ለብሼ እወጣለሁ። እህቴ ነሽ፣ ግን በየቀኑ በነጻ ስትዞሪ ቆሜ አላይም።»

አልዋሽሽም፣ ፈራሁ። ያለ እሱ ሱቁ መደርደሪያ ብቻ ነው። እኔ እፈልጋለሁ እንጂ አላነጥፍም፤ አባዬ መሮውን ያስጨበጠው እሱን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለው እውነት ነበር።

የፍለጋ ክፍያውን ውል የያዘ ወረቀት እሱ ጻፈ፣ እኔ አሳጠርኩት። የመጀመሪያዋ የፍለጋ ሰዓት በነጻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ፍለጋው በግማሽ ቀን እየተቆጠረ ቀድሞ ይከፈላል፤ ሥራውን ለእኛ ከሰጡን ከዋጋው ይቀነስላቸዋል። ካልተገኘ የት የት እንደተፈለገ በጽሑፍ ይሰጣቸዋል፣ የሚቀራረቡ ሦስት ናሙናዎችም አብረው። ይኸው ነው። ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ችግሩ አፌ ነው። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። መስታወቱን በደንብ አሳመንኩት። የመጀመሪያዋ ደንበኛ አስተማሪ ነበረች፤ «ለፍለጋው... ማለቴ... ያው...» ብዬ ሻይ ጋበዝኳት። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። ለሁለተኛው፣ ለፋርማሲስቱ፣ ወረቀቱን አወጣሁና ባንኮኒው ላይ በግንባሩ ደፋሁት። እሱም ጀርባው ላይ የስልክ ቁጥሩን ጻፈልኝና «ስታገኚ ደውይልኝ» ብሎኝ ወጣ። ልጅሽ ከመጋዘኑ በር ሆኖ ሁለቱንም አይቷል። ሦስተኛው ደንበኛ ሲመጣ ወረቀቱን ለእኔ ስጪኝና አንቺ መጋዘን ገብተሽ ካርቶን ቁጠሪ አለኝ። ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሦስተኛዋ አዋላጇ ነበሩ። ታስታውሻቸዋለሽ፤ ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፣ የሰፈሩን ግማሽ ሰው በእጃቸው የተቀበሉ፣ ጎረምሳ መንገድ ላይ ሲያዩ «አንተ በእግርህ የመጣኸው አይደለህም እንዴ!» እያሉ የሚያሳፍሩት። የወጥ ቤታቸው ቧንቧ ፈንድቶ፣ ቧንቧ ሠሪው ከወለሉ መሃል ዘጠኝ ሴራሚክ ሰብሮባቸዋል። ሀያ በሀያ የሆነ፣ ግራጫና ሰማያዊ የተቀላቀለበት፣ ደም ሥር የመሰለ ነጭ መስመር ያለው። ሙሉውን ለምን አይቀይሩትም ብላቸው፣ «ወለል ቀየረች ከተባለ ልጆቼ ቤቱን ልትሸጥ ነው ብለው ክፍፍል ይጀምራሉ» አሉኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራቱም ልጆቻቸው ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ምንም እንዳልነካው ሆኖ እንዲጠብቃቸው ነው የፈለጉት።

ልጅሽ እጁን ዘርግቶ ወደ ባንኮኒው ሲመጣ አየሁት። ቀደምኩት። ወረቀቱን አቃናሁና ወደ እሳቸው ገፋሁት። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ይቅርታ፣ እርስዎስ በነጻ ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «አርባ ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ባንክ ተሰልፌ ‹እስቲ አንዴ ይዩልኝ› እየተባልኩ ኖሬያለሁ» አሉ። «ማየት እኮ ነው ሥራው! ልጁማ ራሱ ነው የሚወጣው።» ብዕር ጠይቀው ፈረሙ፤ የሁለት ግማሽ ቀንም ከፈሉ። ልጅሽ ተመልሶ የገባበት መጋዘን ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። በኋላ ስጠይቀው ባልዲ ነው አለኝ።

እዚያው ዕለት ቤታቸው ሄድን። ናሙና ያስፈልገኝ ነበር፤ የተሰበሩትን ቧንቧ ሠሪው ከፍርስራሹ ጋር ጥሏቸዋል። ከሚታየው ወለል ላይ አንስቼ ሌላ ጉድጓድ ማትረፍ አልፈለግኩም። ወንድሜ ፍሪጁን ገፋ፤ ከሥሩ ላላ ያለች አንዲት ነበረች፣ በመሮ ቀስ አድርጎ አወጣልኝ። ጭረት እንኳ የለባትም። ሳጥባት አበራች። ይህችን ሴራሚክ አትርሻት፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የከፈትኩት ያንቺን መሳቢያ ነው እማዬ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምሻቸው ቁራጮች አሁንም አሉ፤ እኔ አንዷንም አልጣልኩም። አንድ ሰዓት ሙሉ ወለል ላይ ተቀምጬ ገለበጥኳቸው። ከሥር አካባቢ የአውራ ጣት ያህል ቁራጭ አገኘሁ፤ ያው ግራጫ፣ ያው ነጭ መስመር። ጀርባዋ ላይ በእርሳስ «የክሊኒኩ። ፋብሪካው ቆሟል» ብለሽ ጽፈሻል። እጅ ጽሕፈትሽን ሳይ እዚያው አንቺን ያገኘሁ መሰለኝ። ያች ቁራጭ ባትኖር የቆመ ፋብሪካ ፍለጋ ብቻ ሁለቱን ግማሽ ቀን እጨርስ ነበር። ሌላው የፍለጋ ጊዜ ግን በሱቆች ላይ አለቀ፤ አሥራ አራት ሱቅ ገባሁ፣ የሁሉንም መጋዘን ጠየቅኩ፣ በአሥራ አራቱም የለም። የቀረኝ ክሊኒኩ ብቻ ነበር። ክሊኒኩ ደግሞ ዐምና ፈርሷል። የፈረሰ ቤት ዕቃ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ።

ሁለተኛው የምትቆጪበት እዚህ ላይ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ ዕቃ ሱቃችን አይገባም ስትይ ኖረሻል። እኔ ሄድኩ።

ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። በሮች በግድግዳው ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ አንኳኩተሽ የምትገቢባቸው ይመስላሉ። መስኮቶች፣ የእጅ መታጠቢያዎች፣ የደረጃ መደገፊያዎች። ሴራሚኮቹ ደግሞ በሣጥን ውስጥ እንደ መጽሐፍ በጠርዛቸው ቆመው፣ በየሣጥኑ ላይ ከየት ቤት እንደወጡና መቼ እንደወጡ ተጽፎባቸዋል። ይህን ሳይ፣ መቼም አትቆጪኝም፣ ያንቺ መሳቢያ አድጎ ግቢ የሆነ መሰለኝ።

ባለግቢው ቅንድቡ ላይ አቧራ ያለበት፣ ረጅም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሴራሚኳን ተቀበለኝ፣ በጣቱ አንኳኳት፣ ጆሮውን አስጠጋ። ሄደና ከክሊኒኩ ዕቃ ክፍል የወጣ፣ ተከፍቶ የማያውቅ ካርቶን ይዞ መጣ። አሥራ ሁለት ሴራሚክ። ያው መጠን፣ ያው ቀለም፣ ያው የፋብሪካ ምልክት። ዘልዬ ላቅፈው ነበር። ወዲያው ለአዋላጇ ደውዬ ተገኘ አልኳቸው፤ እሳቸውም እልል አሉ።

ስልኩን ስዘጋ ባለግቢው ናሙናዬን ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ያሻታል። «ይቺን ከየት ነው ያነሷት?» አለኝ። ከፍሪጅ ሥር አልኩት። ሴራሚኳን አንዴ ገልብጦ አያት። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። እንዲህ ሲስቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሳቁ ሲበረታበት ከቆሙት በሮች አንዱን ተደገፈ፣ በሩ ግን ከምንም ጋር ያልተያያዘ ስለሆነ አብሮት ወደቀ። ከበሩ ላይ ሆኖ ነው የነገረኝ፦ «እመቤቴ፣ ያ ወለል ስንት ዓመት ፀሐይና መወልወያ በልቶታል። ይቺ ደግሞ ጥላ ሥር ተቀምጣ የኖረች ናት። እነዚህን መሃል ላይ ያነጠፏቸው እንደሆነ፣ አሮጌ ኮት ላይ እንደ ተሰፋ አዲስ ኪስ ነው የሚታዩት።»

እማዬ፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። የወለል ቀለም ከመስኮት አጠገብ ነው የሚታየው ብለሽ ያስተማርሽኝ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ናሙና ከጥላ ሥር አውጥቼ፣ አጥቤ፣ አሳምሬ፣ ከሌለ ወለል ጋር የሚመሳሰል ፍለጋ አሥራ አራት ሱቅ ዞርኩ። ያውም ተከፍሎኝ!

ድሮ ቢሆን ምን አደርግ እንደነበር ልንገርሽ። በነጻ ስለሆነ ዝም እል ነበር። «አልተገኘም፣ ይህ ይቀራረባል» ብዬ አልፈው ነበር፤ በነጻ የፈለገ ሰው ማን ይወቅሰዋል? አሁን ግን ፊርማቸው ኪሴ ውስጥ ነው። ከግቢው በቀጥታ አዋላጇ ቤት ሄጄ፣ ተገኘ ያልኩት ተሳስቼ ነው፣ ናሙናውን ያነሣሁት ከማይሆን ቦታ ነው፣ ከፈለጉ ገንዘብዎን እመልሳለሁ አልኳቸው። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ሦስት ጊዜ መንታ ነው ብዬ አንድ ወጥቷል» አሉኝ። «ዋናው ቶሎ መናገር ነው። ግቢና ተቀመጪ።»

ስቀመጥ ነው ያየሁት። ከወጥ ቤቱ ጋር የተያያዘች አንዲት ትንሽ ዕቃ ቤት አለቻቸው፤ በር የላትም። የወጥ ቤቱ መስኮት ብርሃን ልክ እስከ ውስጧ ይገባል። ወለሏ ያው ሴራሚክ ነው፤ እኩል ፀሐይ የበላው፣ እኩል የተወለወለ። ተንበርክኬ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። አዋላጇ ምን ጠፋብሽ አሉኝ። ምንም አልጠፋብኝም አልኳቸው።

ሐሳቡ ገብቶሻል መቼም። ያረጁትን ከዕቃ ቤቷ አንስቶ መሃል ወጥ ቤት ማንጠፍ፤ አዲሶቹን አሥራ ሁለቱን ደግሞ ዕቃ ቤቷ ውስጥ። እዚያ ሁሉም አዲስ ስለሚሆን አንዱ ከአንዱ አይለይም። ይህን ለባለግቢው ለመንገር ተመልሼ ሄድኩ። በስልክ መንገር እችል ነበር፤ ቁጥሩ ካርቶኑን ባስያዝኩበት ደረሰኝ ላይ አለ። ግን ሄድኩ። ጨርሶ አዳመጠኝና፣ ዘጠኝ ነው የምትፈልጉት፣ ያለው አሥራ ሁለት፣ ስለዚህ ሦስት ቢሰበር ትችላላችሁ፣ አራተኛ ከተሰበረ ግን የለም አለኝ። ወንድሜ ነው የሚያነሣው አልኩት። «እጁ እንዴት ነው?» አለኝ። የአባቴ እጅ ነው አልኩት።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ገባን። ባለግቢው ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ መጣ፤ ግቢውን በሥራ ቀን ዘግቶ አያውቅም አሉ። ወንድሜ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ተንበረከከ። መጀመሪያ በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን ነጭ ሙሊት በቀጭኑ ቆረጠው፣ ከዚያ መሮውን አስገባ። የመጀመሪያዋ ለሁለት ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋ ጥጓ ተፈረካከሰ። ልጅሽ ቀና ብሎ አየኝና፣ የኩባንያው ወለል ሁሉም አዲስ ነው አለኝ።

ይህን ጊዜ አዋላጇ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «አትቸኩል» አሉት። «ከአንድ ጎን አትግፋት። ዙሪያዋን አላላት፤ ራሷ ስትል ትመጣለች።» ወንድሜ ሳቁን ዋጠና እንዳሉት አደረገ። ሦስተኛዋ ሙሉ ወጣች። «ጎሽ! ትንፋሽህን ውሰድ» አሉት። አራተኛዋ፣ አምስተኛዋ፣ ስድስተኛዋ፣ ሰባተኛዋ፣ ስምንተኛዋ። ስድስት ሙሉ ሴራሚክ ተከታትሎ ወጣ። እኔ እየተቀበልኩ ጨርቅ ላይ አስቀምጣለሁ። ስምንተኛዋን ስቀበል ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ፤ እባክሽ ለእትዬ አትንገሪያት። በለመደ እጄ የፋብሪካውን ምልክት ላነብ ገለበጥኳት። ከእጄ አመለጠች።

ወለሉ ላይ ተፈረካከሰች። አምስት ሙሉ አለን፤ ወለሉ ላይ አራት ቀርተዋል፤ የሚፈለገው ዘጠኝ ነው። «ምን ይላል ጀርባዋ?» አለኝ ልጅሽ፣ በዚያ በቀነሰው ድምፁ። ባለግቢው ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔን ደግሞ አዋላጇ ውጭ አስወጡኝ። «የምትወልደውን የሚያስጨንቅ ዘመድ እዚህ አልፈልግም» ብለው የወጥ ቤቱን በር ዘጉብኝ።

ስለዚህ የመጨረሻዎቹን አራት በጆሮዬ ነው የተከታተልኳቸው። አንድ። ዝምታ። ሁለት። መዶሻው ሲነካካ። ሦስት። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ የአዋላጇ ድምፅ፦ «መጣች፣ መጣች፣ ያዛት! ቀስ!» ከዚያ ሦስቱም ሲጮሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ ወንድሜ ዘጠነኛዋን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ አዋላጇ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል፣ እሱ እንደተወለደ ሁሉ።

በማግስቱ አነጠፈው። ሙሊቱን ከሌላው ጋር እንዲመሳሰል በትንሽ አመድ አደበዘዘው፤ ይህን ከአባዬ ነው ያየው። ሲደርቅ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ አራታችንም ቆመን አየን። ምንም የለም። አዋላጇ ግን የእኛን ዓይን አላመኑም። ያን ቧንቧ ሠሪ አስጠሩት። የሰበርካቸው የትኞቹ ናቸው፣ አሳየኝ አሉት። ሰውየው ወለሉን ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ራሱን አከከ፣ ከዚያ በሙሉ ልብ ምድጃው አጠገብ ጠቆመ። አዋላጇ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ዕቃ ቤቷን ስታዪ ደግሞ አዲስ የምታበራ ናት፤ «እዚያ ብቀመጥ ይሻለኛል» አሉ።

ስለ ኩባንያው ደብዳቤ መልሱን ጠብቄ ነበር። ወሩ ባለቀ ቀን የወለሉን ንድፍ ለማስቀመጥ ስፈልገው፣ ወንድሜ ንድፉን የሳለው በዚያ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ሆኖ አገኘሁት። ሲሚንቶ ነክቶታል፣ ግማሹ አይነበብም። እንዲህ ሆኖ እንዴት ትመልሰዋለህ ብለው፣ «እውነትም» አለኝና መሳቢያሽ ውስጥ ከተተው። የሰው ቱታም አልለበሰም።

አሁን ወረቀቱን ሳልደፋ እሰጣለሁ። የሚተውት አሉ፤ ፋርማሲስቱ ለምሳሌ ተመልሶ አልመጣም። ልብስ ሰፊዋ ግን ፈርማለች፣ የሙዚቃ አስተማሪውም። አንድ ነገር እንድታውቂልኝ የምፈልገው፣ የመጀመሪያዋ ነጻ ሰዓት ስም አላት። ወረቀቱ ላይ ባይጻፍም እኔና ወንድሜ «የእማዬ ሰዓት» ነው የምንላት። በዚያች ሰዓት መሳቢያሽን እከፍታለሁ፤ ግማሹ ሰው እዚያው መልሱን አግኝቶ ምንም ሳይከፍል ይሄዳል። ሕግሽን ሙሉ በሙሉ አልሻርነውም እንግዲህ። የያኔው ነጻ ፍለጋሽም ከንቱ አልቀረም፤ በእርሳስ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ሌላ ጥቃቅን ነገር። ሰማያዊዋ ቀሚሴ እትዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርታለች፤ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ። ሙቀት ስለጀመረ ነው። ወንድሜ ግን የሚያወራውን አትስሚው። የፍለጋ ደብተሩን ሲያይ ግቢው በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ ተጽፎበት አገኘና፣ የተከፈለው ለስንቱ ነው አለኝ። ለአንዱ አልኩት። የቀሩት ስድስቱስ ለየትኛው ደንበኛ ናቸው አለኝ። አንዱ ባዶ ካርቶኑን ለመመለስ ነው አልኩት፤ ይህ እውነት ነው። አንዱ የወደቀው በር ተሰብሮ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። ለቀሩት መልስ ሳስብ፣ «ተይው፣ እነዚህን እኔም አላስከፍልም» ብሎኝ እያፏጨ ወጣ።

ባለግቢው ሰላም በይልኝ ብሎሻል። መሳቢያሽን አሳይቼዋለሁ፤ እያንዳንዷን ቁራጭ አንኳክቶ፣ ጽሑፍሽን አንብቦ፣ «እኚህን ሴት ማወቅ ነበረብኝ» አለኝ። ትናንት ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ከተማ በአውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ጠየቀኝ። አምስት ሰዓት ነው አልኩት። የእትዬን ቤት ወለል ማየት እፈልጋለሁ አለኝ። የእትዬ ቤት ወለል እኮ ጣውላ ነው አልኩት። ቅንድቡን ጠራረገና «ቢሆንም፣ ካንቺ ጋር ሄጄ አየዋለሁ» አለኝ።

ከመጪዎቹ ቅዳሜዎች የትኛው እንደሚመችሽ ጻፊልኝ።

ጉልበትሽን ፈጣሪ ያበርታልሽ፤ ያለ ከዘራ በሱቃችን በር ስትገቢ ለማየት ያብቃኝ። እትዬንና ልጆቹን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ፤ ዓይንሽን ሳይነካ።

የምትወድሽ መካከለኛዋ ልጅሽ